የእስፓኝኛ ሰዋስው መግቢያ፦ ከአማርኛችን ስንነሣ

ገና የዘርአ ክህነት ተማሪ ሳለን፣ ለዕረፍት ወደ አንድ የገጠር ቁምስና በተላክንበት ክረምት፣ በዚያ በነበረች አነስተኛ ክሊኒክ ለሚያገለግሉ አንዲት የስፔን ተወላጅ ሲስተር አስተርጓሚ እንድንሆናቸው ተጠየቅን። ሲስተር አዲስ መጥተው ስለ ነበር አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። እኛ ደግሞ ጣሊያንኛ ጥቂት ስለምንሰማ፣ እስፓኝኛንም ከአንድ መማሪያ መጽሐፍ ለሁለት ወር ያህል ስላገላበጥን፣ ራሳችንን እንደ ዐዋቂ ቈጥረን ነበር። አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለውን ትንሽ ልጅዋን ታቅፋ ገባች። ሲስተርም ልጁ ምን እንደ ሆነ ጠየቁን። በሙሉ ልብ «ኤል ኒኞ ኤስ ማሎ» ብለን መለስንላቸው።

ልንል የፈለግነው «ልጁ ታሟል» ነበር፤ ያልነው ግን «ልጁ ክፉ ነው» ነው። ሲስተር ፈገግ ብለው፣ «ክፉስ አይመስለኝም፤ ግንባሩ ግን ይፋጃል» አሉና ልጁን መመርመር ያዙ። እናቲቱ ግን ፈገግታውን አይታ ደነገጠች። «አባ፣ ስለ ልጄ ምን ነገሯቸው?» ብላ ስትጠይቀን የምንመልሰው ጠፍቶን ቆምን። ልጅዋ ታሞባት የመጣች ሴት፣ እኛና ሐኪሟ በማታውቀው ቋንቋ ስንሳሳቅ ነው ያየችን።

ማለት የነበረብን «ኤስታ ማሎ» ነው። ልዩነቱ አንዲት ክፍለ ቃል ናት። ቈይተን ነገሩን ስንመረምረው ስሕተቱ ከአማርኛችን የመጣ አለመሆኑን ተረዳን። አማርኛ «ታሟል» እና «ክፉ ነው» የሚሉትን ሁለት ነገሮች ፈጽሞ አይቀላቅልም። እኛ ግን ከአማርኛ ወደ ጣሊያንኛ፣ ከጣሊያንኛ ወደ እስፓኝኛ ተሻግረን ነበር፤ ጣሊያንኛም «ታሟል» ለማለት «ኤ ማላቶ» ይላል፣ «ኤ» ደግሞ «ነው» ማለት ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የሚሻገረውም ሰው በዚያው ጉድጓድ ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለጀማሪዎች የሚሆን የእስፓኝኛ ሰዋስው ስናቀርብ ዋናው ሐሳባችን አንድ ነው፤ ይኸውም አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ወደ እስፓኝኛ የሚገባበት አጭሩ በር በገዛ ቋንቋው በኩል መሆኑ ነው።

እስፓኝኛ ዛሬ በ20 ሀገሮች የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ይሠራበታል፤ ከእነዚህም አንዷ የአፍሪካ ሀገር የሆነችው ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። የመጀመሪያው የእስፓኝኛ ሰዋስው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1492 ዓ.ም. በሳላማንካ ከተማ የታተመ ሲሆን፣ ደራሲው አንቶንዮ ዴ ኔብሪኻ ለንግሥት ኢሳቤል አበርክቶታል። ቋንቋው ለእኛም ሀገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች ወደ ኩባ ሄደው፣ በተለይም «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ» (የወጣቶች ደሴት) በተባለችው ስፍራ ተምረዋል። በአካባቢያችሁ ኩባ የተማረ ሐኪም ወይም መምህር ቢኖር፣ ይህን ትምህርት ይዛችሁ ሂዱና ድምፁን ከአፉ ስሙ። የኩባ ሰዎች በክፍለ ቃል መጨረሻ ያለውን «ስ» እያላሉ «ኤስታ» የሚለውን «ኤህታ» እስኪመስል ድረስ ስለሚናገሩት ግን አትደናገሩ።

ስለ ድምፅና ስለ ጽሕፈት

በዚህ ጽሑፍ የእስፓኝኛን ቃላት በራሳችን ፊደል እንጽፋቸዋለን። ፊደላችንም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። እስፓኝኛ አምስት አናባቢዎች ብቻ አሉት፤ እነርሱም የእኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ናቸው። ግዕዝ ተብሎ የሚጠራው የ«በ»፣ የ«ለ» ድምፅ በእስፓኝኛ የለም። ሳድሱንም የምንጽፈው አናባቢ የሌለውን ተነባቢ ለማሳየት ብቻ ነው። እንግሊዞች ብዙ የሚደክሙበት «ኝ» ለእኛ ከሕፃንነት ጀምሮ የምናውቀው ድምፅ ነው። ከጕሮሮ የሚወጣውም «ኸ» እንዲሁ፤ «ኢኾ» (ወንድ ልጅ)፣ «ትራባኾ» (ሥራ) ስንል አንቸገርም።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሌላ በኩል ነው። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጰ»፣ «ጸ» በእስፓኝኛ ስለሌሉ «ቶማስ» እንጂ «ጦማስ» አይባልም። የ«ዘ» ድምፅም የለም፤ በላቲን ፊደል የ«ዘ» መልክ ያለውን ሆሄ በላቲን አሜሪካ እንደ «ስ»፣ በአብዛኛው የስፔን ክፍል ደግሞ ምላስን በጥርስ መካከል አድርገው ይሉታል። ማጥበቅና ማላላት ትርጉም የሚለውጠው በ«ር» ላይ ነው። «ፔሮ» ሲላላ «ነገር ግን» ማለት ሲሆን፣ ሲጠብቅና ምላስ ሲንቀጠቀጥ «ውሻ» ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» እንደ ማለት ነውና ነገሩ አዲስ አይሆንብንም።

አዲስ የሚሆንብን የድምፅ ጫና ነው። አማርኛ ክፍለ ቃላቱን በእኩል ያህል ይረግጣል፤ እስፓኝኛ ግን አንዷን ክፍለ ቃል ለይቶ ከፍ ያደርጋል። ደንቡ ቀላል ነው። ቃሉ በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» ከጨረሰ ከመጨረሻው በፊት ባለችው ክፍለ ቃል ላይ፣ በሌላ ተነባቢ ከጨረሰ በመጨረሻዋ ላይ ይጫናል፤ ከዚህ ሲወጣ በሆሄው ራስ ላይ ጭረት ይደረግበታል። ጭረቷን የናቀ ሰው ዋጋ ይከፍላል። «አብሎ» ብለን በመጀመሪያው ላይ ብንጫን «እናገራለሁ»፣ በመጨረሻው ላይ ብንጫን «ተናገረ» ማለት ይሆናል። «ኤል ፓፓ» በመጀመሪያዋ ክፍለ ቃል ከተጫነ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ነው፤ በመጨረሻዋ ከተጫነ የቤት አባት ነው፤ በላቲን አሜሪካ ደግሞ በመጀመሪያዋ ተጭኖ «ላ ፓፓ» ከተባለ ድንች ነው።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እንጨምር። እስፓኞች ጥያቄን ወይም አድናቆትን ሲጽፉ ምልክቱን ገልብጠው በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያም ያኖራሉ። የተገለበጠው የአድናቆት ምልክት በእኛ ጽሕፈት ትእምርተ ስላቅ መሆኑን የሚያውቁ አንባብያን፣ ከስፔን የመጣ የእንኳን አደረሳችሁ ደብዳቤ ሲከፍቱ ያሾፉባቸው እንዳይመስላቸው።

ስለ ስምና ስለ ቅጽል

በአማርኛ ጾታ የምንለየው በሰውና በእንስሳ ነው፤ ግዑዙን ነገር እንደ ስሜታችን አንዳንዴ አንስት እናደርገዋለን፤ ትንሽዬና የምንወዳት ቤት «ቤቷ» ትባላለች። በእስፓኝኛ ግን እያንዳንዱ ስም የተወሰነ ጾታ አለው፤ በስሜት አይለወጥም። በ«ኦ» የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ተባዕታይ፣ በ«ኣ» የሚጨርሰው አንስታይ ነው፤ «ኤል ሊብሮ» (መጽሐፉ)፣ «ላ ሜሳ» (ጠረጴዛው)። እኛ በስሙ መጨረሻ የምንለጥፈውን «ው» እና «ዋ» እነርሱ በፊት ለፊት «ኤል» እና «ላ» አድርገው ያስቀድሙታል። ሲበዙ «ሎስ ሊብሮስ»፣ «ላስ ሜሳስ» ይሆናሉ።

ከደንቡ የሚወጡትን ከነ«ኤል» እና ከነ«ላ» እየያዝን እንሂድ፤ «ላ ማኖ» (እጅ) በ«ኦ» ቢጨርስም አንስታይ ነው፤ «ኤል ዲያ» (ቀን) በ«ኣ» ቢጨርስም ተባዕታይ ነው። ከግሪክ የመጡት «ኤል ፕሮብሌማ»፣ «ኤል ቴማ»፣ «ኤል ክሊማ» እንዲሁ ተባዕታይ ናቸው። በ«ስዮን» እና በ«ዳድ» የሚጨርሱት፣ እንደ «ኦራስዮን» (ጸሎት) እና «ስዩዳድ» (ከተማ) ያሉት፣ አንስታይ ናቸው። ካቴኪስቶቻችንን የሚመለከተው ቃል ግን ለሁለቱም ያገለግላል፤ ወንዱ «ኤል ካቴኪስታ»፣ ሴቷ «ላ ካቴኪስታ» ትባላለች። «አጓ» (ውሃ) እና «አልማ» (ነፍስ) አንስታይ ሆነው ሳለ፣ ሁለት «ኣ» እንዳይገናኝ ተብሎ በነጠላ «ኤል አጓ»፣ «ኤል አልማ» ይባላሉ፤ ሲበዙ ግን «ላስ አልማስ» ይሆናል፤ ቅጽላቸውም ሁልጊዜ አንስታይ ነው።

ቅጽል ስሙን በጾታና በቍጥር ይከተላል፤ ብዙውን ጊዜም ከስሙ በኋላ ይቀመጣል፤ «ላ ካሳ ብላንካ» (ነጩ ቤት)። አንዳንድ ቅጽል በፊት ሲመጣ ትርጉሙ ይዞራል፤ «ኡን ኦምብሬ ፖብሬ» ገንዘብ የሌለው ድኻ ሰው ሲሆን፣ «ኡን ፖብሬ ኦምብሬ» የሚያሳዝን ምስኪን ሰው ነው፤ ይህ ሁለተኛው ባለጸጋም ሊሆን ይችላል።

ስለ ግሥ

በጎረቤት ቋንቋዎች የተማረ ሰው ስለ እስፓኝኛ ግሥ ብዛት ሲያማርር እንሰማለን። ስለ መደብ የሚቀርበው ቅሬታ ለአማርኛ ተናጋሪ አይገባም፤ የእኛ ግሥ ከዚያ የበለጠ ይሸከማልና። እኛ «እናገራለሁ» ብለን «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ፣ እስፓኞችም «አብሎ» ብለው ተውላጠ ስሙን ይተዉታል። «ዮ አብሎ» (እኔ እናገራለሁ) የሚለው አጽንዖት ሲፈልግ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ ለምዶ «ዮ፣ ዮ» የሚል ሰው ራሱን የሚያስቀድም ይመስላል።

አርእስቱ በ«ኣር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ይጨርሳል። «አብላር» (መናገር) በአሁን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦ አብሎ (እናገራለሁ)፣ አብላስ (ትናገራለህ ወይም ትናገሪያለሽ)፣ አብላ (ይናገራል ወይም ትናገራለች)፣ አብላሞስ (እንናገራለን)፣ አብላይስ (ትናገራላችሁ)፣ አብላን (ይናገራሉ)። «አብላ» በፊደላችን ሲጻፍ ምግብ ስጥ የሚል ትእዛዝ መምሰሉን ተማሪዎች ሳያስተውሉት አይቀሩም፤ ቃሉን ለማስታወስ ከረዳቸው ይሣቁበት። «ኮሜር» (መብላት) ደግሞ ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜይስ፣ ኮሜን ይላል። «ቢቢር» (መኖር) ከዚህ የሚለየው «ቢቢሞስ» እና «ቢቢስ» በሚሉት በሁለቱ ብቻ ነው።

እንደምታዩት በሁለተኛውና በሦስተኛው መደብ እስፓኝኛ በግሡ ላይ ወንድና ሴትን አይለይም፤ በዚህ እኛ እንበልጣለን። ለማሉታ ከግሡ በፊት «ኖ» ማስቀደም ይበቃል፤ «ኖ አብሎ» (አልናገርም)። በቅርብ የሚሆን ነገር ሲነገር «ቦይ አ አብላር» ይባላል፤ ይህም የእኛን «ልናገር ነው» በትክክል ይተካል፤ «ቦይ» ማለት «እሄዳለሁ» ነው።

ሰውን በተሳቢነት ሲጠሩ «አ» የምትባል መስተዋድድ ይጨምራሉ። «ቤኦ ላ ካሳ» (ቤቱን አያለሁ) ይላሉ፤ ነገር ግን «ቤኦ አ ላ ማድሬ» (እናቲቱን አያለሁ)። የእኛ «ን» በሁለቱም ላይ ስትገባ፣ የእነርሱ «አ» ለሰው ብቻ የተጠበቀች ናት።

አንተ፣ እርስዎ፣ «ኡስቴድ»

እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው፣ በእንግሊዝኛ በኩል የሚማር ተማሪ «ቱ» እና «ኡስቴድ» የሚሉትን ልዩነት እንደ ሸክም ያየዋል። ለእኛ ግን የቤታችን ሥርዓት ነው፤ «ቱ» አንተና አንቺ፣ «ኡስቴድ» እርስዎ ነው። ከዚህም የጠለቀ ዝምድና አለ። «ኡስቴድ» የመጣው «ቡዌስትራ ሜርሴድ» ከሚለው ሲሆን፣ «ቸርነትዎ» እንደ ማለት ነው፤ ሰውየውን በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ ቸርነቱን ይጠሩ ነበር። የእኛም «እርስዎ» የወጣው «ርእስ» ከሚለው ቃል ነው፤ «ራስዎ» እንደ ማለት። አክብሮት ፊት ለፊት ከመጥቀስ ዘወር ማለትን በሁለቱም ሕዝብ ዘንድ መርጧል። በዚህም ምክንያት ግሡ ከሦስተኛ መደብ ይዋሳል፤ እኛ «እርስዎ ይናገራሉ» ስንል «እነርሱ ይናገራሉ» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ እነርሱም «ኡስቴድ አብላ» ሲሉ «እርሱ ይናገራል» ከሚለው ጋር አንድ ነው። የሚለየው እኛ ከብዙው፣ እነርሱ ከነጠላው መዋሳቸው ነው። ስለዚህ ለሽማግሌ «ኮሞ ኤስታስ?» (እንደምን ነህ?) ማለት ሳይሆን «ኮሞ ኤስታ ኡስቴድ?» (እንደምን ነዎት?) ማለት ይገባል።

አጠቃቀሙ ግን ከሀገር ሀገር ይለያያል። በስፔን ዛሬ ሰዎች በፍጥነት ወደ «ቱ» ይሻገራሉ፤ ጸጕራቸው የሸበተ ሲስተር አንድን ወጣት «አንቱታውን ተውልኝ» ቢሉት ስድብ ወይም ፈተና አይደለም፤ ቅርበት ነው፤ እንዲያውም ለዚሁ «ቱቴያር» የሚባል ግሥ አላቸው። በኮሎምቢያ ተራራማ ክፍሎች በአንጻሩ ወንድምና እኅትም «ኡስቴድ» ይባባላሉ። በአርጀንቲና በ«ቱ» ፋንታ «ቦስ» ይነገራል። ለብዙ ሰዎች ስፔን «ቦሶትሮስ» (እናንተ) ስትል፣ ላቲን አሜሪካ «ኡስቴዴስ» ይላል፤ ስለዚህ ከላይ የጻፍነው «አብላይስ» ከስፔን ውጭ ብዙም አይሰማም። ምክራችን፣ ተጋባዡ ራሱ እስኪፈቅድልን ድረስ «ኡስቴድ» ማለት ነው። በጸሎት ግን እግዚአብሔርን «ቱ» ይሉታል፤ እኛም «አንተ» እንደምንለው።

«ሴር»፣ «ኤስታር» እና «አይ»

አሁን ያ ትንሽ ልጅ ወዳለበት ክሊኒክ እንመለስ። እስፓኝኛ ለእኛ «ነው» ሁለት ግሦች አሉት። የመጀመሪያው «ሴር» ሲሆን፦ ሶይ፣ ኤሬስ፣ ኤስ፣ ሶሞስ፣ ሶይስ፣ ሶን ይላል። ሁለተኛው «ኤስታር» ነው፦ ኤስቶይ፣ ኤስታስ፣ ኤስታ፣ ኤስታሞስ፣ ኤስታይስ፣ ኤስታን።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት «ሴር ለሚጸና ነገር፣ ኤስታር ለሚያልፍ ነገር ነው» ብለው ያስተምራሉ። እኛም ይህን በቃላችን ይዘን ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ ብዙ ቦታ ይከዳል። ከሞት የበለጠ የሚጸና ምን አለ? ሆኖም «ሞቷል» ሲባል «ኤስታ ሙዌርቶ» ነው፤ በ«ኤስታር»። ወጣትነት ያልፋል፤ ሆኖም «ኤስ ኾቤን» (ወጣት ነው) በ«ሴር» ይነገራል። ከሰዓት በላይ የሚያልፍ የለም፤ ሆኖም «ሶን ላስ ትሬስ» (ሦስት ሰዓት ነው) ይላሉ፤ ያውም በ«ሴር»። (ይህ የእነርሱ ሦስት ሰዓት በእኛ አቈጣጠር ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን አንርሳ።)

ከዚህ የሚሻል መለያ አማርኛችን ውስጥ አለ። ሐሳቡን በአማርኛ ስንናገረው በቅጽልና በ«ነው» ይሆናል ወይስ «ታሟል፣ ደክሞታል፣ ተቀምጧል፣ ተዘግቷል» እንደሚሉት በ«አል» በሚጨርስ ግሥ? የመጀመሪያው ከሆነ «ሴር»፣ ሁለተኛው ከሆነ «ኤስታር»። ታሟል፣ «ኤስታ ኤንፌርሞ»፤ ደክሞታል፣ «ኤስታ ካንሳዶ»፤ ተቀምጧል፣ «ኤስታ ሴንታዶ»፤ በሩ ተዘግቷል፣ «ላ ፑዌርታ ኤስታ ሴራዳ»፤ ሾርባው ቀዝቅዟል፣ «ላ ሶፓ ኤስታ ፍሪያ»፤ ደስ ብሎታል፣ «ኤስታ ኮንቴንቶ»። መጻሕፍቱን የሚያስቸግራቸው «ሞቷል» እንኳ ያለ ችግር በቦታው ይገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ይህ የአማርኛ ግሥ አንድ ነገር ደርሶ ያስከተለውን ሁኔታ ይናገራል፤ «ኤስታር»ም ከእንዲህ ያለ ቅጽል ጋር ሲሆን የሚናገረው ነገሩ የደረሰበትን ሁኔታ ነው። «ሴር» ግን ነገሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይናገራል።

አንዱን ቅጽል በሁለቱ ግሦች ስንሞክረው ነገሩ ይበልጥ ይበራል። «ኤስ ማዱሮ» ስለ ሰው ሲባል «በሳል ነው»፤ «ኤስታ ማዱሮ» ስለ ፍሬ ሲባል «በስሏል»። «ኤስ ማሎ» ክፉ ነው፤ «ኤስታ ማሎ» ስለ ሰው ሲባል ታሟል፤ ስለ ምግብ ሲባል ደግሞ ተበላሽቷል። አማርኛ በቃሉ መልክ የሚለየውን፣ እስፓኝኛ በ«ኤስ» እና በ«ኤስታ» ይለየዋል።

መለያችን እንከን የለውም አንልም። «አርጅቷል» የምንለውን እነርሱ ብዙውን ጊዜ «ኤስ ቢዬኾ» ብለው በ«ሴር» ይናገሩታል። «አግብቷል» የሚለው በሁለቱም ይባላል። ሥራው እየተካሄደ ከሆነም፣ «እየተናገረ ነው» የምንለው በ«ነው» ቢጨርስም «ኤስታ አብላንዶ» ይሆናል። እነዚህን በልምድ መያዝ ነው።

የቦታ ነገር ለብቻው ነው። አንድ የታወቀ ነገር ያለበት ስፍራ በ«ኤስታር» ይነገራል፤ «ላ ኢግሌስያ ኤስታ ኤን ላ ፕላሳ» (ቤተ ክርስቲያኑ አደባባዩ ላይ ነው)፤ ሕንጻው ሺህ ዓመት የቆየ ቢሆንም። የሚካሄድ ነገር ሲሆን ግን «ሴር» ይመጣል፤ «ላ ሚሳ ኤስ ኤን ላ ካቴድራል» (ቅዳሴው በካቴድራሉ ነው)። ያልታወቀ ነገር መኖሩን ለመናገር ደግሞ «አይ» የምትል አንዲት ቃል አለች፤ ይህች ለአንዱም ለብዙም አትለወጥም። «አይ አጓ» ማለት «ውሃ አለ» ነው። በእኛ ጆሮ «አይ» እምቢታ ስለ ሆነ፣ «አይ አጓ» የተባለ መንገደኛ ውሃ የለም ያሉት መስሎት ተጠምቶ እንዳይመለስ፤ «የለም» ለማለት «ኖ አይ» ይላሉ። እኛ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ» እና «ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለ» ስንል በሁለቱም «አለ» እንላለን፤ እነርሱ ግን በመጀመሪያው «ኤስታ»፣ በሁለተኛው «አይ» ይላሉ። አማርኛ የማይረዳን በዚህ ላይ ነውና እንጠንቀቅ።

ያመኛል፣ ደስ ይለኛል

በክሊኒክ በር ላይ የሚያስተረጕም ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ማለት «ራሴን ያመኛል» ነው። «ሜ» የእኛ «ኝ» ናት፤ ሕመሙ አድራጊ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» (ቡና ደስ ይለኛል) እንዲሁ ነው። ስሙ ሲበዛ ግሡም ይበዛል፤ «ሜ ጉስታን ሎስ ሊብሮስ» (መጻሕፍቱ ደስ ይሉኛል)። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ለመልመድ ዓረፍተ ነገሩን መገልበጥ አለበት፤ እኛ ግን ከእናታችን ጋር ስንነጋገር የኖርንበት አነጋገር ነው። ለአንተ ወይም ለአንቺ «ቴ ዱዌሌ»፣ ለእርሱ፣ ለእርሷና ለእርስዎ «ሌ ዱዌሌ» ይባላል። ለረሀብና ለዕድሜ ግን «አለኝ» የሚለውን ግሥ ይጠቀማሉ፤ «ቴንጎ አምብሬ» (ራበኝ)፤ ዕድሜም «ይህን ያህል ዓመት አለኝ» ተብሎ ይነገራል።

መልመጃ

የሚከተሉትን ወደ እስፓኝኛ መልሱ፦ በሩ ተዘግቷል። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ አለ። ቅዳሴው በሦስት ሰዓት ነው። እናቲቱ ደክሟታል። አባ፣ እንደምን አሉ? ልጁ ራሱን ያመዋል። ልጁ ታሟል።

መልሱን ከመመልከታችሁ በፊት ጻፉት። ላ ፑዌርታ ኤስታ ሴራዳ። ኤል ሊብሮ ኤስታ ኤን ላ ሜሳ። አይ ኡን ሊብሮ ኤን ላ ሜሳ። ላ ሚሳ ኤስ አ ላስ ኑዌቤ፤ «አ ላስ ትሬስ» ያለ ሰው ምእመናኑን ከቀትር በኋላ ያመጣቸዋል። ላ ማድሬ ኤስታ ካንሳዳ። ፓድሬ፣ ኮሞ ኤስታ ኡስቴድ? አል ኒኞ ሌ ዱዌሌ ላ ካቤሳ፤ «አ» እና «ኤል» ሲገናኙ «አል» ይሆናሉ። የመጨረሻውን መልስ ግን እኛ አንጽፈውም።